ደብረ ሊባኖስ በእግር፦ ከገብርኤል እስከ ተክለ ሃይማኖት

ጠዋት ጠዋት መራመድ የጀመርኩት ለነፍሴ ብዬ አይደለም። የደም ግፊቴን የለካኝ ሐኪም ነው ያስጀመረኝ። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው አፉን ምን ያድርገው? ቀስ እያለ ውዳሴ ማርያሙ ገባ። ከዚያ መቁጠሪያው። ከቤቴ እስከ ደብሩ በር እሄዳለሁ፣ ተሳልሜ እመለሳለሁ። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ እያልኩ፣ መንገዱና ጸሎቱ እኩል ያልቃሉ።

እኩል ማለቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። እየቆየ ግን ጸሎቱ እንደ እግሬ ሆነ፤ ሳላዝዘው ይሄዳል። በሩ ላይ ደርሼ ስሳለም አፌ ምን ሲል እንደቆየ አላውቅም። ለጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ እሱ መቼም መላ አያጣም፣ "መንገዱ አጥሮብህ ነው" አለኝ። "ለልደታቸው ደብረ ሊባኖስ በእግር እንሂድ።"

ታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ነው። ከአዲስ አበባ ገዳሙ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በአውቶቡስ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት ቦታ ነው። እኛ ለገብርኤል ተነስተን ለዋዜማው ለመድረስ ተስማማን።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፦ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ

ገና ሳይነጋ ከተማው ነጭ ለብሷል። ቁልቢ የሄደው ሄዷል፤ የቀረው በየሰፈሩ ወደ ገብርኤል ይተማል። አዲሱ ገበያ ላይ አንዲት እናት የጀርባ ቦርሳችንን አይተው "ገብርኤል በዚህ አይደለም ልጆቼ" አሉን። የምንሄድበትን ስንነግራቸው መርቀው ሸኙን።

ወደ ላይ ያለው ዳገት ቀልድ አይደለም። በሰፈሬ ዳገት የምለው ለካ የድልድይ ላይ መውጫ ነው። የዓርብን ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። ገና ሳልገፋበት ትንፋሼ አለቀ። ቆሜ ተነፈስኩ፣ ቀጠልኩ፣ እንደገና ተቋረጠ። መጨረሻ ላይ በየእርምጃው አንድ "ኪርያላይሶን" ብቻ ማውጣት ቻልኩ። 41 ሲሞላ መቁጠሪያውን አዙሬ እንደገና።

ጫፉ ላይ ባሕር ዛፉ ያልቅና የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል። ከፍታው ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሯጮቻችን የሚለማመዱበት ለዚሁ ነው። በቡድን ሆነው አጠገባችን ሽው አሉ። ከመካከላቸው አንዷ ዞር ብላ "አይዟችሁ አባቶች!" አለች። ጓደኛዬ ገና 40 ዓመት አልሞላውም። እስከ ማታ ድረስ ያወራው ስለዚህች ልጅ ነው።

ሱሉልታ የድርቆሽና የወተት አገር ነው። ድርቆሽ የጫነ መኪና በሄደ ቁጥር መንገዱ ገለባ ይለብሳል። በየሱቁ ደጃፍ የወተት ጀሪካን ተደርድሯል። ነቢያት ጾም ላይ ሆኖ በዚህ መሀል ማለፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እስከ 9 ሰዓት ውኃም አልቀመስንም። ከዚያ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ በ35 ብር በላን። ሽሮው ቀጭን ነበር፣ እንጀራው ግን የዕለት ነው፤ ጤፉም ነጭ። አዲስ አበባ ያኔ በዚህ ዋጋ የሚገኘው የትናንት እንጀራ ነበር። አልጋ 150 ብር። ብርድ ልብሱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም አይበቃም። ካፖርታችንን ደርበን ተኛን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20፦ ከሱሉልታ ጫንጮ

የዚህን ቀን መንገድ ለማንም አልመክርም። ርቀቱ አይደለም፤ አጭር ነው። ችግሩ መኪናው ነው። ደርባ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፤ ወደዚያ የሚገባው መንገድ የሚገነጠለው ከጫንጮ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ ጫንጮ ባዶውንም የጫነውንም ከባድ መኪና እየተጋፉ መሄድ ነው። የእግረኛ ዳር የሚባል ነገር የለም። በግራ በኩል፣ የሚመጣውን እያየን ሄድን። አንዱ ሲያልፍ ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አንስቶ ቦይ ውስጥ ጣለው።

ጸሎት? "አቤቱ ማረን" ማለት ጸሎት ከሆነ በየደቂቃው ጸልያለሁ።

እኩለ ቀን ላይ የጓደኛዬ ግራ ጫማ ሶል ከፊቱ ተገንጥሎ እንደ አዞ አፍ ይከፈት ጀመር። በገመድ አሰርነው። ጫንጮ ስንደርስ አንድ ጫማ ሰፊ ተመለከተው፣ ገለበጠው፣ ሳቀ። "ይሄ ለመኪና የተሠራ ጫማ ነው፤ ለእግር አይደለም" አለ። ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፍቶ 40 ብር ተቀበለ። እኔ ብሆን 100 እከፍል ነበር። ስፌቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ጫማው ነው ያለቀው።

ቅዳሜ ስለሆነ በጊዜ በላን። በነቢያት ጾም ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል አይከለከልም። ምስር፣ ጎመንና ድንች በአንድ ትሪ ለሁለታችን 80 ብር። ከዚያ ለመተኛት ሞከርን። ከአልጋ ቤታችን ግድግዳ ማዶ መጠጥ ቤት አለ። የቤቱ ሰው ስንከራይ "ጸጥ ያለ ነው" ብሎን ነበር። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ አልጋው አብሮን ጨፈረ። ያው ዘጠኝ ተኩል ላይ ለኪዳን መነሳታችን አልቀረም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 21፦ ከጫንጮ ዱበር

ሰንበትም ማርያምም ተገጣጠሙ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሕዝቡ እስከ ደጀ ሰላሙ ቆሟል። ስብከቱ በአፋን ኦሮሞ ነበር። እኔ የያዝኩት "ናጋ" የምትለዋን ብቻ ነው፤ ሰላም ማለት መሆኗን አውቃለሁ። ቅዳሴው ግን የትም ያው ነው፤ የት ላይ እንደሚሰገድ፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል እግር ራሱ ያውቃል። ከቅዳሴ በኋላ የማርያም ዝክር የያዙ ሰዎች እየጎተቱ ደጀ ሰላም አስገቡን። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ። ጠላው ወፍራም ነበር። ሁለት ጣሳ ጠጥቶ መንገድ መጀመር አይመከርም።

እማሆይን ያገኘናቸው እዚያ ነው። ቢጫ ቆብ፣ የወይራ ምርኩዝ፣ እግራቸው ላይ የፕላስቲክ ጫማ። በእግር ወደ ገዳሙ እንደሚሄዱ ሰምተን "አብረን እንሂድ" አልናቸው። ቦርሳችንን አይተው "ምንድነው የተሸከማችሁት?" አሉ። የእሳቸው ጓዝ በሶና አንድ ጠርሙስ ውኃ ያለባት የጨርቅ ከረጢት ናት።

ከጫንጮ በኋላ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው። የሲሚንቶው መኪና ወደ ግራ ይቀራል። ግራና ቀኙ አውድማ ነው፤ በሬዎች እየዞሩ ጤፍ ያበራያሉ፣ ገለባው ወርቅ መስሎ ይነሳል። እዚህ ተመቸኝ። መቁጠሪያዬን አወጣሁና የእሑዱን ጀመርኩ። እማሆይ ግን ሲያወሩ ነበር። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ አንድ የታመመ ዘመዳቸው፣ ስለ ዘንድሮ ብርድ። ጸሎቴን ሲያቋርጡኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

"እማሆይ፣ በመንገድ አይጸልዩም?" አልኳቸው።

"በመንገድማ መንገዱን ነው የማየው። መኪና ይብላኝ?"

ከዚያ ሰዓታቸውን አየሁ። የእጅ ሰዓት የላቸውም፤ ጥላቸውን ያያሉ። ልክ ቀትር ሲሆን ከመንገድ ወጡ፣ አንድ ግራር ሥር ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። እንደዚያ ያወሩ የነበሩት ሴትዮ ድምፃቸው ጠፋ። እኛም ቆምን። አጭር አልነበረም። ቆሞ መቆየት ከመራመድ እንደሚከብድ እግሬ ነገረኝ። ሲጨርሱ አማተቡና የታመመው ዘመዳቸውን ወሬ ካቆሙበት ቀጠሉ።

ዱበር ከመድረሳችን በፊት ሦስት ውሻ ከአንድ ግቢ ወጥቶ ከበበን። አዲስ አበባ ላይ የምጠቀመው ዘዴ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል ነው። የዱበር ውሻ ይህን አያውቅም፤ ይልቅ ባሰበት። አንድ እረኛ ልጅ ከሩቅ በፉጨት በተናቸው። ብር ስንሰጠው እምቢ ብሎ ብስኩት ካለን ጠየቀ። ብስኩቱ ወተት ነበረበትና እኛም ሳንበላው ይዘነው ነበር፤ ለሁላችንም ተስማማን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22፦ ከዱበር ወደ ሙከጡሪ

ተረከዜ ውኃ ቋጥሯል። እማሆይ መርፌ በሻማ አሙቀው ክር አሳልፈው አፈሰሱልኝ። ክሩን እዚያው ቆርጠው ተዉት፤ "እንዳይዘጋ" ብለው። እውነትም እስከ ማታ አስኬደኝ።

በ3 ሰዓት ቆምን። በ6 ቆምን። በ9 ቆምን፣ ከዚያ በሶ በጥብጠን ጠጣን። በመሀል ዝም ብዬ ሄድኩ። መቁጠሪያው ኪሴ ውስጥ ዋለ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ አየሁ ማለት እችላለሁ፦ ጥቁሩ አፈር በበጋው ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ ባቄላው ታጭዶ ክምር ሆኗል፣ ሽምብራው ገና እሸት ነው። ልጆች በእቅፍ በ5 ብር ይሸጡት ነበር። የምንጾመው እስከ 9 ስለሆነ ገዝተን ተሸክመነው ዋልን፣ ጓደኛዬ ግን አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሲሰብር እማሆይ አይተውታል። ምንም አላሉትም። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ቦርሳቸውን ሊሸከምላቸው ሞከረ።

ሙከጡሪ ሳንደርስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። እማሆይ በየዓመቱ የሚያድሩበት ቤት አለ፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ባልየው እቤት አልነበረም። ሚስቲቱ እማሆይን ጉልበት ስማ አስገባችን፣ ምንም ሳትጠይቅ። መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈች። ከዚያ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዛ መጥታ ፊቴ ተንበረከከችና ጫማዬን ልትፈታ እጇን ሰደደች።

እግሬን ሰበሰብኩ። ሰው እግሬን ያጠበኝ ሕፃን ሳለሁ ነው። ከዚያም በላይ እግሬ እግር አይመስልም፤ አቧራው፣ ክሩ፣ ሽታው። "እኔ ራሴ እታጠባለሁ" አልኩ። ሴትዮዋ አማርኛዬን ሰምታለች፣ ግን አልሰማችኝም። እማሆይ ከጥግ "ተው፣ አታሳፍራት" አሉኝ። ተቀመጥኩ። እስከ ጉልበቴ አጠበችኝ። በጣቶቼ መሀል ሳይቀር አሸችው። ቋጥሮ የነበረውን ስታገኝ ውኃውን በመዳፏ ብቻ አፈሰሰችበት። ስትጨርስ አጎንብሳ እግሬን ሳመች፣ ወደ ጓደኛዬ ዞረች።

ጸሎተ ሐሙስ ቀን ካህኑ እግር ሲያጥብ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ሁልጊዜ ስለ አጣቢው ነበር የማስበው። ስለ ጴጥሮስ፣ "አታጥበኝም" ስላለው፣ አስቤ አላውቅም። ያን ማታ ገባኝ፤ ነገሩ ትሕትና ሳይሆን እፍረት ነው።

ተልባ በእንጀራና የባቄላ ንፍሮ በላን። ለቡና ጎረቤት ተጠራ። ጥጃውና አህያው ከእኛ ማዶ በአጣና ተከልለዋል፤ ሌሊቱን አህያው ሲያናፋ ቁንጫው ደግሞ ሥራውን ሲሠራ አደረ። በማለዳ ገንዘብ ለመስጠት ስንሞክር ሴትዮዋ ተቆጣች። እማሆይ አስቀድመው አንድ ኪሎ ስኳርና ቡና ዱበር ላይ አስገዝተውን ኖሯል፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልነገሩንም ነበር። ያንን ሳትቆጣ ተቀበለች። ልጇ ስሙን እንድጽፍለት ደብተር አመጣ። በቁቤ አልችልም፤ በፊደል ጻፍኩለት፣ እሱ ከሥሩ በቁቤ ጻፈልኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 23፦ ከሙከጡሪ ደብረ ሊባኖስ

ረጅሙ ቀን። ሙከጡሪ ላይ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ወደ ቀኝ ይገነጠላል፤ በዚያ በኩል ጀማን ተሻግረው የመጡ የመርሐቤቴ ሰዎች ተቀላቀሉን። ከዚህ በኋላ ብቻችንን አልነበርንም። ደብረ ጽጌ ስንደርስ በግምት መቶ ሰው ሆነናል። ሻይ 4 ብር፣ ግን ወንበር የለም፤ ቆሞ ነው። እማሆይ እያንዳንዱን ሰው የሚያውቁ ይመስላሉ።

ከአስፋልቱ ወደ ገዳሙ የሚያስወርደው መንገድ ጋ ስንደርስ ምድር ታልቃለች። ስትሄድበት የዋልከው ሜዳ ድንገት ገደል ይሆናል። ጭላዳዎች ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ ሰው መጣ ብለው እንኳ አይነሱም። አካባቢው ላይ "የፖርቱጋል ድልድይ" የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ያሠሩት ግን የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ለጎብኚ ፖርቱጋል ሳይሻል አይቀርም መሰለኝ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ክፉ ነው። ዳገቱ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ቁልቁለቱ ግን ጉልበት ይበላል፤ የትኛው እንደሚብስ አሁን አውቃለሁ።

ሲመሽ ደረስን። አውቶቡሶች ተኮልኩለዋል፣ ሻማ ሻጭ፣ ጧፍ ሻጭ፣ የፕላስቲክ ድንኳን። ሰሌን በ20 ብር ተከራይተን ቅጥሩ ሥር ቦታ ያዝን። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ተኝቼ ሰማሁት ብል ይቀላል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24፦ ገዳሙ

ገዳሙን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲመሠርቱት ደብረ አስቦ ይባል ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። አሁን ያለው ጉልላታም ቤተ ክርስቲያን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥራ ነው፤ ባለቀለሙ መስኮት ጠዋት ላይ ነጩን ነጠላ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ያደርገዋል። እዚያው ደግሞ የሰማዕታቱ መታሰቢያ አለ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ምእመናን የግራዚያኒ ወታደሮች እያጋዙ ወስደው ረሸኗቸው። እንደኛው ለበዓል የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከመርሐቤቴ የመጡት አንድ አባት መታሰቢያው ፊት ብዙ ቆሙ። ምን እንደሚያስቡ አልጠየቅኳቸውም።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዋሻው ወጣን። ወረፋው እባብ ነው። ጻድቁ ቆመው የጸለዩበት፣ አንድ እግራቸው ተቆርጦ በቀረው ሰባት ዓመት የቆሙበት ቦታ ነው ይባላል፤ ሥዕላቸው ላይ የተቆረጠችው እግር ከጎናቸው ትሳላለች። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሥዕሉን አውቀዋለሁ። ተረከዜን ይዤ ወረፋ ላይ ሳለሁ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። እኛ ሁላችን ወደሳቸው እንሄዳለን። ከጫንጮ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከአዲስ አበባ። እሳቸው የትም አልሄዱም፣ ቆሙ እንጂ። ለእማሆይ ነገርኳቸው። "ቀድሞማ ብዙ ዞረው አስተምረዋል" አሉኝ። "ከዞሩ በኋላ ነው የቆሙት። ወረፋው ሄዷል፣ ተራመድ።"

ጠበሉ ከዋሻው ጣሪያ ይንጠባጠባል። ቀዝቃዛ ነው። ተረከዜ ላይም አስደረግኩ።

ከሰዓት በኋላ ለመመለስ መኪና ፈለግን። አንድ ረዳት ለአዲስ አበባ 150 ብር አለን፤ ያኔ ሌላ ቀን የዚህን ግማሽ አይሞላም ነበር። በዓል ነው፣ ሰው በዝቷል፣ እንደፈለገ ነው የሚጠራው። ጓደኛዬ ሊከፍል ኪሱ ገባ። እማሆይ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አድርገው "ስምህ ማነው?" አሉት ልጁን። ስሙን ነገራቸው። "ክርስትና ስምህ?" ዝም አለ። "እናትህ አለች?" አለች አለ። "እስዋ ብትሆን ስንት ትጠራባት ነበር?" ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ መሳቅ ጀመረ። ሾፌሩ ከወንበሩ ዞሮ "በ70 አስገባቸው፣ ገላግለኝ" አለ። ለሁሉም ሰው 70 ሆነ። እማሆይን ከፊት ወንበር አስቀምጠው አንድ ብርም አልጠየቋቸውም።

ጫንጮን በመስኮት ያለፍናት ተኝተን ነው። ሐሙስ ጠዋት አልተራመድኩም። ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ደብሩ በር ድረስ ዝም ብዬ ሄድኩና ውዳሴ ማርያሙን እዚያው ቆሜ አደረስኩ። ጓደኛዬ ለግንቦት 12፣ ለፍልሰተ አጽማቸው፣ እንሂድ እያለ ነው። ጫማ ገዝቷል። እኔ ከጫንጮ ነው የምጀምረው ብዬዋለሁ፤ የሲሚንቶውን መንገድ በታክሲ።